እግር የሚሰምጥበት ቦታ

ለትንሣኤ ዋዜማ ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ገበያ ወርጄ ቄጠማ ስገዛ እስሩ እንደ ድሮው እጄን አልሞላልኝም። ሻጯ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። "እማማ፣ ምነው እስሩ ሳሳ?" አልኳቸው። "አብሽሪ ልጄ፤ ከሩቅ ነው የምናመጣው። የድሮው ቦታ ደርቋል" አሉኝ። የድሮው ቦታ የት እንደነበር ስጠይቃቸው በአገጫቸው ወደ ቦሩ ሜዳ በኩል ጠቆሙኝ።

ያን ቦታ አውቀዋለሁ። የአያቴ ቤት ከጨፌው ዳር ነበር። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በባዶ እግራችን ገብተን ቄጠማ እናጭድ ነበር። መሬቱ ስትረግጡት መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣችኋል። እግራችሁን ስትነቅሉ ይንቦጨረቃል፣ ቀዝቃዛው ውሃ በጣቶቻችሁ መሀል ሽቅብ ይወጣል። አያቴ አለቅት ስለሚፈሩ ጥጃ ወደዚያ አታስጠጉ ይሉን ነበር። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበርን።

ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። ስለ ዕፅዋት አመጋገብ የምናነሳበት ሳምንት ሲደርስ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ መውጣቱ አይቀርም። "ቲቸር፣ ሥጋ የሚበላ ተክል አለ የሚባለው እውነት ነው?" ቀጥሎ ደግሞ "ሰውስ ይበላል?" ይመጣል። ሰው የሚበላው ዛፍ ፈጠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ማዳጋስካር ውስጥ አለ ብሎ ያተመውና ዓለምን የዞረ ተረት ነው። ነፍሳት የሚበሉት ግን እውነት ናቸው። እየጠፉም ነው። ስለ መጥፋታቸው እስከ ዛሬ አንድም ተማሪ ጠይቆኝ ስለማያውቅ፣ ሳይጠየቅ የቀረውን ጥያቄ እዚህ ልመልሰው ፈለግሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። አንድ መምህራችን ከጋምቤላ፣ ከባሮ ዳር፣ በማር ብርጭቆ ውሃ ይዘው መጡ። በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ነገር የተበጣጠሰ አረንጓዴ ክር ይመስላል፤ ሥር የሚባል ነገር የለውም። ሳይንሳዊ ስሙ ዩትሪኩላሪያ ነው። ከክሩ ላይ ብጣሽ ቆርጠው ማይክሮስኮፕ ሥር አደረጉልንና "ተራ በተራ እዩ" አሉን።

ተራዬ ሲደርስ መጀመሪያ ያየሁት ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የምትበልጥ ከረጢት ነበር። ብርሃን ታሳልፋለች፣ ጎኗ እንደ ፆመኛ ጉንጭ ወደ ውስጥ ሰምጧል። በአንድ ጫፏ በር አለ፣ በሩ ደጃፍ ላይ ጥቂት ፀጉሮች ቆመዋል። መምህራችን እያየን ሳለ አስረዱን። ከረጢቷ ውሃውን ከውስጧ እየገፋች ታስወጣለች፤ ለዚህ ነው ጎኗ የሚሰምጠው። አንዲት የውሃ ነፍሳት ስታልፍ ፀጉሩን ከነካች በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ ጎኗ በአንድ ጊዜ ይነፋል፣ ውሃውም ነፍሳቷን ይዞ ይገባል፣ በሩ መልሶ ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንድ አንድ ሺህኛ አካባቢ ነው። እኔ ያየኋት ከረጢት ሥራዋን ጨርሳ ነበር። ውስጧ ዳፍኒያ የምትባል አንዲት ደቃቅ የውሃ እንስሳ ነበረች፣ እግሮቿ ገና ይርገበገባሉ። ከኋላዬ ያለው ልጅ "በቃሽ፣ ተነሺ" እስኪለኝ ድረስ ዓይኔን ከሌንሱ አላነሳሁም። ያን ቀን ነው ባዮሎጂ መምህር እሆናለሁ ያልኩት።

ለምን ነፍሳት ይበላሉ የሚለውን ሳትረዱ ለምን እንደሚጠፉ መረዳት አይቻልም። እነዚህ ተክሎች እንደማንኛውም ቅጠል ከፀሐይ ምግባቸውን ይሠራሉ፤ ጉልበት አላነሳቸውም። ያነሳቸው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። የሚኖሩት ውሃ ያለማቋረጥ በሚያጥበው፣ ጎምዛዛና ደሀ በሆነ ረግረግ፣ ወይም በጠራ ኩሬ ውስጥ ነው። በዚያ መሬት ላይ ሌላ ተክል ስለማይበረታ ቦታው ለእነሱ ቀረላቸው፤ የጎደለውን ከነፍሳት ሥጋ ያሟላሉ። ቻርለስ ዳርዊን ድሮሴራ የምትባለዋን፣ በቅጠሏ ላይ እንደ ጤዛ በሚያበራ ሙጫ ዝንብ የምትይዘዋን፣ ለዓመታት ጥሬ ሥጋና እንቁላል እያበላ ከመረመራት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1875 ሙሉ መጽሐፍ ጽፎላቸዋል።

እንግዲህ በዚህ ደሀ መሬት ላይ ማዳበሪያ ቢፈስ ምን ይሆናል? ሣሩ ይበረታል፣ ፊላው ይቆማል፣ አልጌው ውሃውን ይሸፍነዋል። ትንሿ ተክል ብርሃን አጥታ ትሞታለች። ገበሬው መሬቴን አሻሻልኩ ሲል ለእሷ የሞት ፍርድ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ነጥብ ለመቀበል ይቸገራሉ፤ "ማዳበሪያ ተክል ይገድላል?" ይሉኛል። አዎ፣ እነዚህን ይገድላል።

በዓለም ላይ 860 ያህል ነፍሳት በል የዕፅዋት ዝርያዎች ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት ሁሉንም አንድ በአንድ ገምግሞ ሩብ ያህሉ የመጥፋት አደጋ ላይ መሆናቸውን አሳይቷል። ብዙዎቹ ከአንድ ተራራ ወይም ከአንድ ረግረግ ውጭ የትም አይገኙም። ረግረግ ማድረቅና ማረስ፣ የውሃ መበከል፣ የከተማ መስፋፋት፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ከዱር ነቅሎ መሸጥ ናቸው የሚጨርሷቸው።

ስለ ነቀላው ትንሽ ልበል። ሁሉም በስልኩ ያየው፣ እንደ መንጋጋ የሚገጥመው ቪነስ ፍላይትራፕ በዱር የሚበቅለው በአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ካሮላይና ብቻ ነው። ዊልሚንግተን ከምትባለው ከተማ ተነስታችሁ በየአቅጣጫው ከደሴ ወልድያ ያለውን መንገድ ያህልና ትንሽ አለፍ ብትሉ የመኖሪያውን ክልል ጨረሳችሁት። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ በሰሜን ካሮላይና ከዱር መንቀሉ ከባድ ወንጀል ሆኗል፤ ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ በወሩ አራት ሰዎች 970 ተክል ነቅለው ተይዘዋል። ሌላም ነገር ይፈልጋል፣ እሳት። በየጥቂት ዓመቱ ሣሩንና ቁጥቋጦውን የሚያቃጥል ቀላል እሳት ካላለፈ ቁጥቋጦው አድጎ ያጠለበታል። ሰዎች ደኑን ለመጠበቅ ብለው እሳቱን ሲያጠፉ ቆዩ፤ ተክሉ በጥላ ውስጥ ተዳከመ።

በቦርኒዮ ደሴት፣ በኢንዶኔዥያ በኩል፣ ኬላም የሚባል ዙሪያው ገደል የሆነ የድንጋይ ተራራ አለ። በገንቦ መሰል ወጥመድ ነፍሳት የምትይዘው ኔፔንቴስ ክሊፔያታ የምትባለው ተክል ከዚያ ገደል በቀር የትም የለችም። ደሴ አጠገብ ባለው በቶሳ ተራራ ላይ ብቻ የሚበቅል፣ ከቶሳ ወርዶ ከሥሩ ባለው ገራዶ እንኳ የማይገኝ ተክል እንዳለ አስቡ። ሰብሳቢዎች በገመድ ሳይቀር እየወጡ ነቀሏት፣ ከዚያ ድርቅና እሳት መጣ፤ ዛሬ በዱር የቀረችው በጣት የምትቆጠር ነች። በዚያው ደሴት በማሌዥያ በኩል፣ በኪናባሉ ተራራ፣ የዘመዷ የኔፔንቴስ ራጃ ቅጠል ጫፉ ላይ ከሁለት ሊትር በላይ የሚይዝ ገንቦ ይሠራል። አንዲት አይጥ የምታህል እንስሳ ከገንቦው ክዳን ሥር የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመላስ አፉ ላይ ትቀመጣለች፣ እየላሰችም ትጸዳዳበታለች፤ ተክሉ ከዚያም ናይትሮጅን ያገኛል። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ሳቁ አያድርስ ነው፤ የዚያን ቀን ትምህርት ግን የረሳ ተማሪ የለኝም። ራጃን ከዱር ነቅሎ በድንበር አሻግሮ መነገድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል።

እኔን የበለጠ የሚያንገበግበኝ ግን አልድሮቫንዳ ነው። ይህም ሥር የሌለው የውሃ ተክል ነው፤ ቅጠሎቹ እንደ ጋሪ ጎማ ሽቦ ክብ ሠርተው ይወጣሉ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ዛጎል የመሰለች ወጥመድ አለች። አውሮፓ፣ አፍሪካ፣ እስያ፣ አውስትራሊያ፣ በአራት አህጉር ተበትኖ የኖረ ነው። ከኩሬ ወደ ኩሬ የሚያደርሱት የውሃ ወፎች ናቸው ተብሎ ይታመናል። ያን ያህል አገር የያዘ ተክል ዛሬ ከቀድሞ ቦታዎቹ ከአብዛኞቹ ጠፍቷል፤ በጃፓን ከዱር አልቆ በሰዎች እጅ ተራብቶ ነው የተረፈው። ያጠፋው በዋነኛነት ከእርሻና ከከተማ ወደ ውሃው የገባው ትርፍ ንጥረ ነገር ነው። ውሃው ደፈረሰ፣ አልጌ ለበሰው፣ አልድሮቫንዳ አለቀ።

ይህን ሳነብ ቦርከና ይመጣብኛል። ቦርከና ከደሴ አናት ተነስቶ፣ በከተማችን አልፎ፣ ሐረጎን ተከትለን በምንወርድበት በኩል ኮምቦልቻ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጨፋ ሜዳ ይዘረጋና ወደ አዋሽ ይሄዳል። ደሴ ውስጥ ምን እንደሚጣልበት የማያውቅ የለም። የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ፣ የገበያ ጥራጊ፣ የመኪና እጣቢ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የፋብሪካው ይጨመርበታል። ያ ሁሉ ወርዶ የሚያርፈው ጨፋ ረግረግ ላይ ነው፣ ወፎቹ ክረምታቸውን ሸሽተው ከአውሮፓ የሚመጡበት ላይ።

ጣና ላይ እምቦጭ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ አገር ሁሉ ስለ እምቦጭ አውርቷል፣ ወጣቱ በገዛ እጁ ሊነቅል ወርዷል፤ ደግ አደረገ። ውሃ ውስጥ የገባ ማዳበሪያና ፍሳሽ እምቦጭን የሚያወፍረውን ያህል በጠራ ውሃ የሚኖረውን ተክል እንደሚያጠፋ ግን ሲነገር አልሰማሁም። እምቦጭ ሐምራዊ አበባውን ይዞ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፣ ሁሉም ያየዋል። ዩትሪኩላሪያ ሲጠፋ ውሃው ከላይ ሲታይ እንደነበረው ነው።

አገራችን የእነዚህ ተክሎች አገር አይደለችም የሚል ካለ ተሳስቷል። የዩትሪኩላሪያ ዝርያዎች አሉን። ድሮሴራም በደቡብ ምዕራብ በኩል በረግረግ ውስጥ ትበቅላለች። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ሲመዘገቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 በተጠናቀቀው፣ በስምንት ቅጽ በወጣው ትልቅ ሥራ ውስጥ ሁለቱም ቤተሰቦች ተጽፈዋል። ኢሉባቦር ውስጥ ቄጠማውን "ጨፌ" ይሉታል፤ ቤት ይከድኑበታል፣ ለበዓል ይጎዘጉዙታል፣ እንደኛው ማለት ነው። እዚያም ሸለቆው ቦይ እየተቆፈረለት ደርቆ በቆሎ ሲዘራበት ኖሯል። ገበሬው በቆሎ የሚዘራው ስለራበው ነው፣ ሰነፍ ስለሆነ ወይም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ይህን የምለው ለእኔ ቤትም ስለሚሠራ ነው።

የአያቴን ጨፌ ያደረቁት አባቴ ናቸው።

1994 ዓ.ም. ነበር፣ እኔ 12 ዓመቴ። አባቴና ሦስት ጎረቤቶች ሁለት ሳምንት ሙሉ ቦይ ቆፈሩ። ቆሎና ጠላ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ቦዩ እስከ ወገባቸው ይደርስ ነበር፤ የሚወጣው አፈር ጥቁር፣ እንደ ቡና አተላ የረጠበ፣ የበሰበሰ ሣር የሚሸት ነበር። ውሃው መውረድ ሲጀምር አባቴ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመው ፈገግ አሉ፤ ያን ፈገግታ አልረሳውም። በዚያ ዓመት ድንችና ገብስ ዘሩበት። እንደዚያ ያለ ድንች ከዚያ በፊት አይተን አናውቅም፤ የእኔና የወንድሞቼ ደብተር፣ የትምህርት ቤት ልብስ፣ ሁሉ የወጣው ከዚያ ነው። መምህር የሆንኩት በዚያ ድንች ነው ብል አላጋነንኩም። በኋላ ዳሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሬቱ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣ ጀመር፣ ምርቱ ቀነሰ፣ ለዳፕና ለዩሪያ መበደር መጣ። ቄጠማው ቀስ እያለ ወደ ቦዩ ዳር ብቻ ሸሸ፤ ከዚያም አለቀ።

በዚያ ጨፌ ውስጥ፣ በልጅነቴ እግሬን በነከርኩበት ውሃ፣ ዩትሪኩላሪያ ኖሮ ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት አድሬያለሁ። እግሬ ላይ ተጠምጥሞ የወጣ አረንጓዴ ክር ስንት ጊዜ አራግፌ ጥያለሁ። ለይቼ አላየሁትም፤ ያኔ ማይክሮስኮፕ የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም።

ስለዚህ ከሦስት ዓመት ወዲህ እየፈለግሁ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ቤተ ሙከራችን ውስጥ የተረፈችው አንዲት ማይክሮስኮፕ ነች፣ መስተዋቷ ተሰንጥቋል፤ ፀሐይ ወዳለበት መስኮት አስጠግቼ እሠራባታለሁ። ሐይቅ ሄጃለሁ፤ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ካለው ዳርቻ ውሃ ቀድቻለሁ። አርዲቦ ከሚባለው ሐይቅም ሄጃለሁ። ጨፋ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ውሃውን በማር ብርጭቆ ይዤ እመጣለሁ፣ ብርጭቆው ላይ በእርሳስ ቀንና ቦታ እጽፋለሁ፣ ጠብታ በጠብታ አያለሁ። ዳፍኒያ አገኛለሁ፣ ሳይክሎፕስ አገኛለሁ፣ ብዙ አልጌ አገኛለሁ። ከዚያ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ "የለም" ብዬ እጽፋለሁ። እስካሁን 23 "የለም" አለኝ። ሁለት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች በራሳቸው ፈቃድ አብረውኝ ይወጣሉ፤ አንደኛዋ ውሃ ስትቀዳ ጭቃ እንዳታስነሳ ክንዷን እንዴት ቀስ አድርጋ እንደምታወርድ ብታዩ ተስፋ ትሞላላችሁ።

ባለሥልጣን ብሆን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማንም ድንቹን እንዲተው አልጠይቅም፤ በየቀበሌው የቀረው ጨፌ ሲሸነሸን ግን ምንጩ የሚወጣበትን አንድ ጥግ ቦይ አይንካው፣ ባሕር ዛፍ አይጠጋው፣ ማዳበሪያ አይፍሰስበት። ከብቱም ሰውም ውሃውን ከዚያ ይጠጣል፣ ለፋሲካም ቄጠማው ከቅርብ ይገኛል። ለልማት ክፍት መሬት ተብሎ ሲመዘገብ "ረግረግ" የሚል ቃል በደብተሩ ላይ ይጻፍለት፤ ስም ያልተጻፈለት ነገር ሲጠፋ የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ሳምንት ከጨፋ ስመለስ አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አሁን እኔ ዘንድ ነው የሚኖሩት፣ ጉልበታቸው ደክሟል። ብርጭቆዎቹን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሲያዩኝ ቆዩና፣ "ዛሬስ አገኘሽው?" አሉኝ።

"የለም አባባ።"

ዝም አሉ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው ወደ ቦሩ ሜዳ በኩል አዩ፤ ከበረንዳችን ባሕር ዛፍ እንጂ ሌላ አይታይም።

"ቀዩ በሬ የሰመጠበት ታስታውሻለሽ?"

አስታውሳለሁ። ስድስት ሰው በገመድ ነው ያወጣው።

"እዚያ ቦይ አላደረስንም" አሉ አባቴ። "አለቱ ከለከለን። አምና ለተዝካር ስሄድ ዱላዬን ሰድጄበት ነበር፤ እስከ እጀታው ገባ።"

ምን እንደምል ጠፋኝ። ሦስት ዓመት ሐይቅና ጨፋ ስመላለስ እሳቸውን መጠየቅ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ጨፌውን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቀው ማነው? እያንዳንዱን ክንድ በአካፋ ለክተውታል።

"ቅዳሜ እወስድሻለሁ" አሉ። "በባጃጅ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በእግር። ቦት ጫማ አድርጊ። ልጆቹንም ጥሪያቸው፣ እኔን የሚደግፍ ያስፈልጋል።"

ብርጭቆዎቹን አጥቤ መስኮቱ ላይ ደፍቻቸዋለሁ። አራት ናቸው። በአንደኛው ላይ ቀኑን ትቼ ቦታውን ብቻ በእርሳስ ጽፌበታለሁ፣ "ቀዩ በሬ የሰመጠበት" ብዬ።